የመጤዎች ወረራ በእትዬ የሺመቤት መግነዝ ላይ

ሸዋንግዛው የእናቱን መግነዝ ከሳጥን ያወጣው ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቱ እትዬ የሺመቤት ከመደባቸው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ገልጠው እያዩት ነው። ተደብቆ አልወሰደውም፤ መደበቅ የሚያፍር ሰው ሥራ ነው። ሳጥኑን ከፈተ፣ የክት ቀሚሳቸውን ወዲያ ነጠላቸውን ወዲህ አለ፣ ከሥር አሥራ ሁለት ክንድ አቡጀዲ ጎትቶ አወጣና ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ በብርሃን አየው። “ነጭ ነው” አለ። እህቱ ጥሩብርሃን ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ተመለከተችው። ይህን ለማወቅ ሳጥን መክፈት አያስፈልግም ነበር፤ ጥቁር መግነዝ የሚገዛ ሰው እስካሁን ጂንካ አልመጣም።

ጉዳዩ የሲኒማ ነው። ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለሰፊው ሕዝብ በስጦታ የተላከ የካርቱን ፊልም ከነማሳያ መሣሪያው ሐሙስ ዕለት ከአርባ ምንጭ በአውሮፕላን መጥቶ ከተማው መሐል ካለው ሜዳ ወርዷል። ሸዋንግዛው የቀበሌው የባህልና የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው። እዚያው ወዳጅ አገር የሦስት ወር ኮርስ ወስዶ አንድ ወፍራም ካፖርትና ጥቂት ቃላት ይዞ ተመልሷል፤ ካፖርቱ ጂንካ ውስጥ የሚለበስበት ቀን እስከ ዛሬ አልተገኘለትም፤ ቃላቱን ግን በየስብሰባው ይለብሳቸዋል። ፊልሙ የሚታይበት አዳራሽ ድሮ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ነበር። ሲወረስ አግዳሚ ወንበሩም ከበሮውም አብሮ ተወረሰ፤ ሊወረስ ያልቻለው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በዘይት ቀለም የተጻፈው “እንኳን በደህና መጣችሁ” ብቻ ነው። ቀበሌው ደጋግሞ ኖራ ቀብቶታል። ዝናብ ባለፈ ቁጥር ኖራው ይላጥና ጽሑፉ እንደ ሰፈር ሐሜት መልሶ ብቅ ይላል። ቃሉ ራሱ የሚያስከስስ ነገር የለበትም፤ የሚያስከስሱት የጻፉት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ መጋረጃ አስፈለገ። የቀበሌው ሱቅ አቡጀዲ ካየ ቆይቷል። የሸዋንግዛው አንሶላ አበባ አለበት፤ የሊቀመንበሩ አንሶላ ደግሞ የሊቀመንበሩ ነው።

እትዬ የሺመቤት ያንን ጨርቅ “ልብሴ” ነው የሚሉት። ባላቸው የሞቱ ዓመት በአንድ ቆርጦ በተነሣ ልብ ገዝተው፣ ቄሱ ጸበል ረጭተውበት፣ በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ አውጥተው ፀሐይ እያስመቱ ብል እንዳይበላው ሲጠብቁት ኖረዋል። የእድሜ እኩዮቻቸው ሊጠይቋቸው ሲመጡ ሳጥኑ ይከፈትና፣ ሌላው ሴት የልጇን የሠርግ ቀሚስ እንደሚያሳይ፣ እሳቸው ያሳያሉ። እንግዶቹም ጫፉን በጣታቸው ፈተግ አድርገው “ወፍራም ነው፣ ይበርክትልዎ” ይላሉ። መግነዝ እንዴት እንደሚበረክት የጠየቀ የለም። ከግንቦት ወዲህ ግን እትዬ የሺመቤት ከመደብ አልተነሡም፤ እግራቸው አብጧል፤ የሚበሉትም ሁለት ማንኪያ አጥሚት ነው።

ሸዋንግዛው ጨርቁን የስፌት መኪናዋ ላይ ጣለላት። ሁለት ቦታ ቆርጣ ጎን ለጎን እንድትገጥመው፣ ከላይ በኩልም ገመድ የሚገባበት እጥፋት እንድታወጣለት አዘዛት።

“እማዬን ጠይቀሃታል?” አለችው።

“ዛሬ ትሞታለች እንዴ? ለሁለት ሰዓት ነው።”

“ቀበሌ የገባ ነገር መቼ ይወጣል፣ ወንድም ጋሼ? ለአብዮት በዓል ያበደርነው ድስት እስካሁን እያከበረ ነው።”

ሸዋንግዛው መልስ አልሰጣትም። ቤቱ በስሙ ነው፤ ስኳሩም ዘይቱም ከቀበሌው ሱቅ የሚወጣው በእሱ ፊት ነው፤ እሷ ከባሏ ተፋትታ የተመለሰች ቁልፍ ተካይ ናት። መልስ ማለት ለእሱ ይኸው ነበር። እትዬ የሺመቤት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ክፍሉ ውስጥ የመቀሱ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ አቡጀዲ ሲቆረጥ ደግሞ ድምፅ ያለው ጨርቅ ነው። ጥሩብርሃን ሁለቱን ስፋት ስትገጥም አላጠበቀችውም፤ በረጅሙ፣ በኋላ ክሩን አንድ ጊዜ ሲስቡት ሙልጭ ብሎ እንዲወጣ አድርጋ ሸለለችው። ወንድሟ ስፌት ስለማያውቅ አመሰገናት። እሱ ሲወጣ አጥሚቱን በማንኪያ ይዛ ወደ መደቡ ቀረበች። እናቷ አፋቸውን አልከፈቱም። ግድግዳውን እያዩ፣ ለግድግዳው በሚመስል ድምፅ፣ “ልብሴን ሳትይዢ እዚህ ቤት አትመለሺ” አሉ። “እኔ ራቁቴን አልሄድም።”

ጨርቁን ወደ አዳራሹ እንድታደርስ የተላከችው እሷው ናት፤ ኃላፊ ጨርቅ ተሸክሞ በገበያ አይሄድም። ቅዳሜ ስለሆነ ገበያው ሞልቷል። ከአሪ መንደሮች የወረዱት ሴቶች ጎደሬና ቅቤ ዘርግተዋል፤ ጎደሬው ከባለፈው ሳምንት ረክሷል፣ ቅቤው ተወዷል፣ በርበሬ ሻጮቹ ደግሞ እንደ ልማዳቸው ዋጋ ሲጠየቁ የሚሰደቡ ይመስል ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ከሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሸዋንግዛው በገዛ እጁ የጻፈው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ “ዛሬ! የመጤዎች ወረራ! እጅግ አስፈሪ የሥዕል ፊልም! መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም። መቅረት አይቻልም።” የቀረ ሰው የወሩን ስኳር እንደማያገኝ አልተጻፈም፤ የሚታወቅ ነገር ለምን ቀለም ይፈጃል።

ርእሱን ያገኘው ከመዝገበ ቃላት ነው። ጥሩብርሃን ዓርብ ማታ ሲፈልግ አይታዋለች። በፊልሙ ቆርቆሮ ላይ ያለውን ቃል በወዳጅ አገር ቋንቋ አላወቀውም፤ በሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ፈልጎ “ባዕድ፣ መጤ” የሚል ሲያገኝ መጤን መረጠ፤ ባዕድ ቀጠነችበት። ጂንካ ውስጥ ግን ይህን ቃል ማንም ሰው እንደዋዛ ከግድግዳ ላይ አይለጥፈውም። ጴንጤዎቹ ማስታወቂያውን አይተው ዝም ብለው አለፉ፤ “መጤ ሃይማኖት” ተብለው ነው ጸሎት ቤታቸው የተዘጋው፤ ዛሬ ደግሞ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለው በገዛ ቤታቸው ሊሰደቡ መሰላቸው። ከሰሜን የመጡት ሰዎች ልጆች፣ ማለትም እንደ እነ ጥሩብርሃን ያሉት፣ አይተው ተቆጡ፤ አሪዎቹ ከኋላቸው ምን እያሉ እንደሚጠሯቸው ያውቃሉ። የቅመም ነጋዴዋ አለምነሽ ጥሩብርሃንን አስቁማ፣ “አባቶቻችን አቅንተው በሰጡት አገር እኛን መጤ ብሎ ወንድምሽ ለጠፈን?” አለቻት። አቅንተው የሰጡት ለማን እንደሆነ ግን አላብራራችም። ከአርባ ምንጭ የተመደቡት ሠራተኞች ደግሞ፣ እውነተኞቹ መጤዎች እነሱ ሆነው ሳለ፣ ማስታወቂያውን አንብበው ስለ ሌላ ሰው መሆኑን አልተጠራጠሩም። መጤ ማለት ሁልጊዜ ከኔ በኋላ የመጣ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ፈለቀ መሰላል ላይ ቆሞ ጠበቃት። ፈለቀ አናጢ ነው፤ አሪ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ የጻፈውም እሱ ነበር፤ ኖራ እንዲቀባው ያዘዙትም እሱኑ ነው። ቀበሌው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሰው አይለዋውጥም። መስኮቶቹ በጆንያ ተደፍነዋል፤ ጄኔሬተሩ ማታ ለባለሥልጣኖቹ ቤት ስለሚያስፈልግ ፊልሙ በቀን ነው የሚታየው። ፈለቀ አፉ ውስጥ ምስማር ይዞ ነበር።

“ምስማር አይደለም” አለችው። “በገመድ ይሁን። የእናቴ መግነዝ ነው።”

ፈለቀ ምስማሩን ከአፉ አንድ በአንድ አወጣ። እሱ ለመግነዝ ደንታ ያለው ሰው አይደለም፤ ሰው ሲሞት ነፍሱ እንጂ ጨርቁ አይጠየቅም ብሎ ያምናል። ግን ጨርቁን እንደገና ሲይዘው በጣቱ ጫፍ ነበር። “ወንድምሽ ያውቃል?” አላት። እንደሚያውቅ ነገረችው። ፈለቀ ስለ ወንድሟ የሚያስበውን በአሪኛ ለራሱ ተናገረ፤ እሷም የዚያን ያህል አሪኛ ስለምታውቅ አልተቃወመችም። ገመዱን በእጥፋቱ ውስጥ አሳልፎ በአንድ በኩል አጥብቆ አሰረው፤ በመስኮቱ በኩል ያለውን ጫፍ ግን የእንጨት ሸክም እንደሚታሰር አድርጎ ቋጠረው። “ይቺን ጫፍ ከሳብሽ ይፈታል” አላት። “እኔ ምንም አልነገርኩሽም።”

ሰባት ሰዓት ላይ አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። ሙቀቱ፣ የቅቤው ሽታ፣ ከበር ውጭ የጄኔሬተሩ ጩኸት አንድ ላይ ሆኑ። ከፊት ሊቀመንበሩ ጓድ ውባየሁ ብቻውን ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሸዋንግዛው ረጅም ዘንግ ይዞ ከመጋረጃው አጠገብ ቆመ፤ ሊተረጉም ነው። ጥሩብርሃን ከመስኮቱ ሥር፣ ከቋጠሮው አጠገብ ተቀመጠች። ሸዋንግዛው ፊልሙን አስቀድሞ አላየውም፤ ነዳጅ ይባክናል ብሎ ነበር። ከቆርቆሮው ላይ ካለው ሥዕል መጤዎቹ ኢምፔሪያሊስቶች መሆናቸውን ተረድቷል፤ ያንኑ ገልጾ ሲጨርስ ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ተደረገ።

ሰማይ መጣ። ከሰማዩ የብረት ሰሃን የመሰለ ነገር እየተንቀጠቀጠ ወርዶ አረንጓዴ ሜዳ ላይ አረፈ። ሥዕሉን የሠሩት ሰዎች ድካም የማይወዱ መሆን አለባቸው፤ ሜዳው ላይ ያለችው አንዲት ዛፍ አልፋ ትሄድና ያችው ዛፍ ተመልሳ ትመጣለች፣ የሚሸሸው ሕዝብም ሁሉ አንድ ፊት ነው ያለው። የጂንካ ሰው ግን ያየው ሜዳውን ነው። ከተማው መሐል ያለው ሜዳ ላይ አውሮፕላን ሊወርድ ሲል ከብት ማባረር የሁሉም ሰው ግዴታ ስለሆነ፣ አንዱ ከኋላ በልማድ “ከብቶቹን አስወጡ!” ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጓድ ውባየሁ ራሱ፣ ባለፈው ዓመት እዚያው ሜዳ ላይ ከአውሮፕላን ወርዶ አንዲት ጥጃ ያሯሯጠችው ሰው፣ አልሳቀም።

የብረቱ ሰሃን ተከፈተና መጤዎቹ ወጡ። አስፈሪ ሊያደርጓቸው አስበው ነበር፤ ነገር ግን ቀለም ስላነሳቸው ነው መሰለኝ ቡናማ ሆነው፣ ጠጉር እዚህም እዚያም በቅሎባቸው፣ ዓይን ያወጣ ጎደሬ መስለው ቀሩ። ከገበያ የመጡት ሴቶች የራሳቸውን ዕቃ አውቀው ጎን ለጎን ተጎሻሸሙ። አንደኛዋ፣ “ይሄ አልበሰለም” አለች። ሸዋንግዛው በዘንጉ እያመለከተ ኢምፔሪያሊዝም በተለያየ መልክ እንደሚመጣ አስረዳ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደኅና ነበር። ከዚያ ጎደሬዎቹ ሕዝቡን ከየኮረብታው፣ ከየጓሮው እየሰበሰቡ አወረዱት፤ መሬቱን በገመድ ለኩት፤ ጎጆዎቹን አፍርሰው በቀጥታ መስመር፣ አንዱን ከአንዱ ኋላ፣ እንደ ጥርስ ደረደሩት።

ሳቁ ቆመ። በዚያ ዓመት አሪዎቹ ከእንሰታቸውና ከኮረብታቸው ወርደው በገመድ በተለካ መንደር ውስጥ እንዲሰፍሩ የተደረጉት ገና በጥር ነበር፤ ገመዱን ከያዙት አንዱም ሸዋንግዛው ነበር። ማንም ወደ ማንም አላየም። የጄኔሬተሩ ድምፅ ጎላ።

“እዚህ ላይ… መጤዎቹ…” አለ ሸዋንግዛው። “መጤዎቹ ሕዝቡን ሲያደራጁት ነው።”

ጓድ ውባየሁ ሳይዞር፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ “ጓድ ሸዋንግዛው፣ መጤዎቹ እነማን ናቸው?” ሲል ጠየቀ።

ሸዋንግዛው በዘንጉ አገጩን አከከ። ቀደም ሲል ትንሽ የትርጉም ስህተት መፈጠሩን፣ ቋንቋው ረቂቅ መሆኑን፣ እነዚህ የሚታዩት ፍጥረታት በእርግጥ ለጭቁኑ ሕዝብ እርዳታ ይዘው የመጡ ወዳጆች መሆናቸውን፣ የሚሸሸው ደግሞ ፊውዳሉ መሆኑን ገለጸ። ይህን ብሎ ገና አፉን ሳይዘጋ ወዳጆቹ በመስመር የተደረደረውን ሕዝብ ከዳር ጀምረው መብላት ጀመሩ። የአንዱ እግር እስኪገባ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። የመጀመሪያው ጥቅል እዚያ ላይ አለቀና ነጭ ብርሃን በእትዬ የሺመቤት መግነዝ ላይ ተዘረጋ።

ባለመሣሪያው ሁለተኛውን ጥቅል እስኪያስገባ ጓድ ውባየሁ ተነሣ። ነገሩ መጥፎ መልክ እንደያዘ ገብቶታል፤ እንዲህ ያለ ጊዜ የሚያድነው ስጦታን ማመስገን መሆኑን ከልምድ ያውቃል። ስለ ወዳጅነት፣ ስለ ንቃት፣ ስለ ባህል አብዮት ተናገረ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ሄደና ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ ፈተግ ፈተግ አደረገው፤ ልክ የእትዬ የሺመቤት እንግዶች እንደሚያደርጉት። “ጓድ ሸዋንግዛው ከቤተሰቡ ጓዳ አውጥቶ ያበረከተልንን ይህን ወፍራም መጋረጃ ቀበሌያችን በአድናቆት ተቀብሏል” አለ። “ከዛሬ ጀምሮ የሕዝብ ንብረት ነው።”

ተጨበጨበ። ጥሩብርሃን ወንድሟን አየችው። እሱም አያት። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር፤ ቃላት ደግሞ የሚያንሰው ሰው አልነበረም። ዘንጉን ብብቱ ሥር ወሸቀና እሱም ከሕዝቡ ጋር አጨበጨበ።

ሁለተኛው ጥቅል ጀመረ። ጥሩብርሃን ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፣ የገመዱን ጫፍ ያዘች፣ ሳበችው። ቋጠሮው ምንም ድምፅ አላሰማም። መግነዙ ከላይ እስከ ታች በአንዴ ወርዶ ሸዋንግዛው ላይ አረፈና ለጥቂት ጊዜ ኃላፊው ተገንዞ ቆመ። በዘንጉ እየታገለ ራሱን እስኪያወጣ እሷ ጨርቁን ከእግሩ ሥር ሰብስባ ማጠፍ ጀምራለች። ጓድ ውባየሁ ምን እየተደረገ እንዳለ ጠየቀ።

“የእናቴ መግነዝ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር” አለችው። “ሕዝቡ ከወሰደው የሚገነዝበትንም ሰው ሕዝቡ ያምጣ።”

ጓድ ውባየሁ የቁስ አካልን ቀዳሚነት በየሳምንቱ የሚያስተምር ሰው ነው። ጨርቁን የፈተገባቸውን ሁለት ጣቶች አያቸው፤ ከዚያ ሱሪው ላይ ጠረጋቸው፤ ከዚያ ደግሞ ጠረጋቸው። ንጠቋት ብሎ ማንንም አላዘዘም፤ ቢያዝም የሚነካላት አልነበረም።

ፊልሙ ግን አላቆመም፤ ባለመሣሪያው ማስጀመር እንጂ ማቆም አልተማረም። ሠሪዎቹ ድካም ስለማይወዱ የሁለተኛው ጥቅል መጀመሪያ የፊተኛው ራሱ ነበር፤ ያው ሰሃን፣ ያው ሜዳ፣ ያችው ዛፍ። አሁን ግን የሚያርፈው በባዶው ግድግዳ ላይ ነው። ሰሃኑ እየተንቀጠቀጠ ወረደ፣ ጎደሬዎቹ ወጡ፣ ከበላያቸውም በተላጠው ኖራ ውስጥ፣ ፈለቀ በዘይት ቀለም የጻፈው አንድም ፊደል ሳይጎድል ወጣ፦ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ከዚያ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከበቡሽ የምትባል አሮጊት፣ ያ ቤት ጸሎት ቤት በነበረ ጊዜ በር ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበል የነበረችው ሴት፣ ፊደል የቆጠረችው ለዚያ ብቻ እስኪመስል ድረስ አንብባ ጨረሰችና በረጋ ድምፅ መለሰች።

“እንኳን ደህና ቆያችሁ።”

የሣቁን ድምፅ ጥሩብርሃን የሰማችው ከውጭ ሆና ነው። ጨርቁን ታቅፋ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች፤ አውሮፕላን ስለሌለ ከብቶቹ ተመልሰው ሣራቸውን ይግጣሉ፤ አንዲት ላም መንገድ አልለቅም ብላት በዙሪያዋ አለፈች። ከኋላዋ ጄኔሬተሩ ጠፋ። ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ እንደ ልማዱ እያጉረመረመ ሳይሆን እያስነጠሰ መስሎ፣ ሳቁን በአፍንጫው እያስወጣ ነበር።

እትዬ የሺመቤት እንደተወቻቸው ናቸው። ጨርቁን ደረታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። በእጃቸው ዳር ዳሩን፣ ከዚያ መሐሉን ዳሰሱት፤ ምስማር እየፈለጉ እንደሆነ ገባት። የተሸለለውን ክር ሲያገኙት በጥፍራቸው ያዙትና ሳቡት፤ ሙልጭ ብሎ ወጣላቸው። አሽተቱት። ሌላ ሰው፣ ሌላ ሰው ይሸታል አሉ።

“ምን አሳዩበት?” ሲሉ ጠየቋት።

“መጤዎች ከሰማይ ሲወርዱ።”

“ተመልሰው ሄዱ?”

“አላየሁም። ሳያልቅ ወጣሁ።”

“አይሄዱም” አሉ እትዬ የሺመቤት። አባታቸው ከመንዝ ጠመንጃ ይዘው ለአንድ ክረምት ብቻ ብለው ነበር የመጡት። “እኛ መቼ ሄድን።” ጨርቁን አጣጥፈው ከራሳቸው ሥር አደረጉና አጥሚቱን እንድታሞቅላቸው አዘዟት፤ ማንኪያውንም ራሳቸው ያዙት።

አጥሚቱ ገና ሳይጋመስ ሸዋንግዛው መጣ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንዲቀርብና ማን ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያብራራ ተነግሮት ነበር። ከግድግዳው የረገፈው ኖራ ትከሻው ላይ አለ። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጥሩብርሃን ከድስቱ ቀና አላለችም። እትዬ የሺመቤት ማንኪያውን አስቀመጡና፣ የማያውቁት እንግዳ እንደመጣ ሁሉ ዓይናቸውን አጥብበው፣ ከላይ እስከ ታች አዩት። በአዳራሹ ስለሆነው ነገር ማንም አልነገራቸውም።

“እንኳን በደህና መጡ” አሉት።

ለዚህ መልሱን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሸዋንግዛው በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።